የእትዬን ጨርቆች ለማን እንስጥ? እስካሁን የደረስንበት

እትዬን ጓደኛዬ ስላቸው ደስ ይላቸዋል፤ በዕድሜ ግን እናቴ ይሆናሉ። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ውስጥ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ኩዊልት ሲሰፉ ኖረዋል። አሁን ዓይናቸው ደከመ። ቤቱን ሸጠው ልጃቸው አፓርታማ ሊገቡ ነው። እዚያ ለእሳቸው አንድ ክፍል አለ፣ ለጨርቆቻቸው ግን የለም። ስለዚህ ከፋሲካ ወዲህ ጨርቁን፣ የስፌት መኪናውን፣ ያለቀውንም ያላለቀውንም ሥራ ለሰው ለሰው እያደረስን ነው። ስፌት የያዛችሁ ሁሉ አንድ ቀን ስለሚገጥማችሁ የደረስንበትን ልጻፍላችሁ።

ለማታውቁት፣ ኩዊልት ሦስት ንብርብር ነው። ከላይ ከትንንሽ ቁራጭ የተገጣጠመው ፊት፣ መሃል ላይ ስስ የጥጥ ንጣፍ፣ ከሥር ገበር። ሦስቱን ስፌት ሲያያይዛቸው ኩዊልት ይሆናል። እትዬ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1987 ዋሽንግተን ናሽናል ሞል ላይ የተነጠፈውን የኤድስ መታሰቢያ ኩዊልት ካዩ በኋላ ነው። በኤድስ ለሞተ ሰው የተሰፋው እያንዳንዱ ቁራጭ 3 ጫማ በ6 ጫማ ነው፤ የመቃብር ልክ ማለት ነው። «የሰው ስም በጨርቅ ተሰፍቶ ሳይ እግሬ አልነቃነቅ አለኝ» ይላሉ። በሳምንቱ አብራቸው የምትሠራ አንዲት ነርስ መርፌ አስያዘቻቸው፤ ከዚያ ማን ያስቁማቸው!

ልጃቸው መጀመሪያ ያለው «ሁሉንም ለአንድ ቦታ ሰጥተን እንገላገል» ነበር። እኔ አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። ስብስብ ተብሎ በጅምላ ሲሰጥ የሚወስደው ሰው የሚፈልገውን ያነሳና የቀረውን ይጥለዋል። ጨርቅ የሚፈልግ መኪና አይፈልግም። ያለቀ ኩዊልት የሚወድ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረውን ምን ያደርግበታል? ስለዚህ ለየብቻ ለየነው።

በጨርቁ ጀመርን። ሜትር ይዞ አንድ በአንድ መለካት የማይታሰብ ነው። በመታጠቢያ ቤት ሚዛን መዘነው። የኩዊልት ጥጥ ስፋቱ ከ42 እስከ 44 ኢንች ስለሆነ አንድ ፓውንድ ሦስት ያርድ ገደማ ይወጣዋል። የእትዬ 180 ፓውንድ መጣ፤ ወደ 540 ያርድ መሆኑ ነው። ስነግራቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ለካ መርካቶን ቤዝመንቴ ውስጥ ደብቄ ነው የኖርኩት!»

ከዚያ መለየት መጣ። እውነተኛ ጥጥ ይሁን አይሁን ያጠራጠረንን በእሳት ፈተንነው። ከጫፉ ክር ትመዛላችሁ፣ በወረንጦ ይዛችሁ የእቃ ማጠቢያው ላይ ክብሪት ታስነኩታላችሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ስትነኩት የሚበን ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። እትዬ ሽታውን ብቻ አሽትተው «ይኼ ላስቲክ ነው፣ ወዲያ በይው» ይሉኛል። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። ቀዩንና ጥቁር ሰማያዊውን ደግሞ እርጥብ ነጭ አቡጀዲ ላይ አሸነው። ቀለም የለቀቀውን ለብቻ አስቀምጠን ወረቀት ለጠፍንበት። ለሰው ስትሰጡ ይህን ሳትነግሩ አትስጡ፤ አንድ ቀለም የሚለቅ ቁራጭ የስንት ወር ሥራ ያበላሻል። እርጥበት ነክቶት የሻገተውን ጣልነው። እሱ አይሰጥም፣ ሽታውም ወደ ሌላው ይጋባል።

ስለ ዋጋ እቅጩን ልንገራችሁ፦ በሱቅ ዋጋ አትገምቱ። ሰው ቤት የከረመ ጨርቅ፣ ምንም ንጹሕ ቢሆን፣ ግማሹንም አያመጣም። ሰፈር ያለው የኩዊልት ሰፊዎች ማኅበር አባላት መጥተው በፓውንድ ገዙ፤ ትንንሹን ቁራጭ በነጻ ወሰዱት። ልጃቸው በገንዘቡ ቅር አለው። እትዬ ግን ማን ምን እንዳነሳ ብቻ ነበር የሚጠይቁት። «ያቺን ቢጫ አበባዋን ማን ወሰዳት?»

የተወሰነውን አዲስ አበባ ለምትሰፋ የአክስቴ ልጅ በሰው ላክሁላት፤ የሕፃን ፍራሽና ትራስ ልብስ ትሠራለች። እኔ ቆንጆ ቆንጆውን ላሽግ ስል እሷ ደውላ «አበባው ይቅርብኝ፤ ለገበር የሚሆን ሰፊ ነጠላ ቀለም፣ ጠንካራ ክርና የመኪና መርፌ ላኪልኝ» አለችኝ። ደግ ነገር ተናገረች። ለመላክ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ተቀባዩን ጠይቁ። የ23 ኪሎ ሻንጣ ጨርቅ ሲገባበት ዓይናችሁ እያየ ይሞላል።

መኪናውን መላክ ግን አልሆነም። የእትዬ መኪና ሲንገር 221 ናት፤ ሰፊዎች ፌዘርዌይት የሚሏት ጥቁሯ፣ በወርቃማ ሐረግ ያጌጠችው። ይህች ዓይነት ገበያ ላይ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፣ ክብደቷም 5 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ዛሬም ሰው ይፈልጋታል። ነገር ግን ሞተሯ የአሜሪካን 110 ቮልት የለመደ ነው፤ አገር ቤት 220 ነው። በትራንስፎርመር ትሠራለች ቢባልም አንድ ቀን አንዱ ረስቶ ግድግዳ ላይ ይሰካታል። ስለዚህ እዚሁ ስፌት ለጀመረች ልጅ ሰጠናት።

ልጅቷ ልትወስድ ስትመጣ እትዬ አስቀድመው ሞክሪያት አሏት። አጠገቧ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ትንሽ እንደሰፋች «ቆይ፣ ቆይ፣ ዘይት ጠምቷታል» አሉ። እኔ ምንም የተለየ ድምፅ አልሰማሁም። የታችኛው ክር ማጠንጠኛ የሚገባበትን ስንከፍተው የክር ብናኝ ሞልቶታል፣ ብረቱም ደርቋል። በብሩሽ ጠርገን ጠብ ጠብ ስናደርግበት ድምፁ ለእኔም ተለየኝ። ልጅቷ ያን ቀን የተማረችውን የትም አታገኘውም።

በነገራችን ላይ፣ የሚሽከረከሩትን የጨርቅ መቁረጫዎች ስትሰጡ ምላጩን አውጡና ለብቻው በወፍራም ካርቶን አሽጉት። መቁረጫ ምንጣፉን ደግሞ ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀት ያጣምመዋል፣ ከተጣመመ አይቃናም።

ያለቁት ኩዊልቶች ብዙም አላስቸገሩን። ቤተሰብ መረጠ፣ ከዚያ የሃይማኖት እኅቶቻቸው። ንጹሕና በልብስ ማጠቢያ መኪና የሚታጠቡትን ትንንሾቹን ለፕሮጀክት ላይነስ አዘጋጀን፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረ፣ ለታመሙና ክፉ ቀን ለገጠማቸው ልጆች በእጅ የተሠራ አዲስ ብርድ ልብስ የሚያደርስ ድርጅት ነው። ልጃቸው «ሙዚየም አይወስድም?» አለ። ነብራስካ ሊንከን ውስጥ ትልቅ የኩዊልት ሙዚየም አለ፣ የአላባማዎቹ የጂስ ቤንድ ጥቁር ሴቶች ሥራም እ.ኤ.አ. በ2002 ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ድረስ ገብቷል። ሙዚየም ግን የሰጡትን ሁሉ አይወስድም፤ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሠራው ይጠይቃል። እትዬ ደግሞ አንዱም ላይ ስማቸውን አልጻፉም! ጀርባው ላይ አቡጀዲ እየሰፋን ስም፣ ከተማና ዓመት እየጻፍን ነው። ዓመቱን የሚያስታውሱት በልጆች ልደት ነው፦ «ይኼ ትንሹ ሲወለድ…»

ማስቀመጥ ለምትፈልጉ፦ ፕላስቲክ ውስጥ አትዝጉት፣ ባዶ እንጨት ላይም አታኑሩት። በጥጥ ትራስ ልብስ ጠቅልሉት፣ አልፎ አልፎም እጥፋቱን ቀይሩት።

ጣጣው ያላለቁት ላይ ነው። ፊቱ አልቆ ገበር የሌለው፣ ተቆርጦ ያልተሰፋ፣ ምን ሊሆን እንደታሰበ ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የሌለ። አብዛኛውን የማኅበሩ ሴቶች ለመጨረስ ወስደዋል። አንዱን ግን እትዬ አልሰጥም አሉ። ከእናታቸው ቀሚሶችና ነጠላዎች ጥለት የተቆረጠ፣ ጥበብ በጥበብ የሆነ። «አንቺ ጨርሺው» አሉኝ። «እንዴት አድርጌ እትዬ? የእርስዎን እጅ ከየት አመጣለሁ?» ብላቸው፣ «እኔን አታስመስዪ። የራስሽን ስፊ» አሉ።

የአገር ልብስ እንደ ሱቅ ጥጥ አይደለም። ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ ስትቆርጡት ይተረተራል፣ ስትሰፉት ይሳባል። ከኋላው በካውያ የሚጣበቅ ስስ ደጋፊ ጨርቅ ካልተለጠፈበት ጠርዙ ቀጥ አይልም። የሚያብለጨልጨው ክር ደግሞ ሙቀት አይችልም፤ ካውያውን ቀንሼ፣ በላዩ ጨርቅ ጣል አድርጌ፣ ሳልጎትት ከላይ ጫን ጫን ነው የማደርገው። ስፌቴንም ትንሽ ሰፋ አድርጌ እተዋለሁ። እትዬ መደዳውን በጣታቸው እየዳበሱ «ይኼኛው የሠርጌ ነው፣ መሃል ይግባ» ይሉኛል፤ እኔ እሰካለሁ።

እስካሁን ፊቱ ከግማሽ አልፏል። መሃሉ ላይ የምናስገባውን ንጣፍ አልወሰንንም። እኔ ስስ ጥጥ እላለሁ፣ እሳቸው «ወፍራም ይሁን፣ ይሙቅ» ይላሉ። በእንዲህ ዓይነት ላላ ሽመና ላይ ወፍራም ንጣፍ አስገብታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ስፌቱ አልተሳበባችሁም? ንገሩኝ። ደግሞ አንድ ካርቶን ሙሉ ዚፕና ቁልፍ ተርፎናል፤ ለማኅበርም ለትምህርት ቤትም የሚፈልግ ካለ ቤቱ ሳይለቀቅ ይምጣና ይውሰድ።