የአንድ ዓመት ልጅ ይዘን ዲዝኒላንድ ፓሪስ

«የአንድ ዓመት ልጅ ይዛችሁ እዚያ ምን ልትሠሩ? ምኑንም አያስታውሰውም እኮ!» ያላለን ሰው የለም። እውነት ነው፣ አያስታውሰውም። እኔ ግን አስታውሰዋለሁ። ደግሞ ልጅ ዛሬ ከሳቀ ዛሬ ስቋል፣ ለእኔ ይበቃኛል። ይህንን ብዬ ከፓሪስ ወጣ ብሎ ወዳለው ወደዚህ የመጫወቻ ፓርክ ሄድኩ፣ ተመልሼም ያው ነኝ።

በረራውን አልተርክም፤ ልጄ ተኝቶ ደረሰ፣ ተመስገን።

ያናደደኝ ሆቴሉ ነው። ክፍሉን ስንይዝ የሕፃን አልጋ እንደምንፈልግ ጽፈን ነበር፣ «ይዘጋጃል» የሚል መልስም ደርሶናል። ማታ ደክሞን ስንገባ አልጋ የለም። እንግዳ ተቀባዩ «አልቋል» አለንና ወደ ስልኩ ተመለሰ፣ ይቅርታ እንኳ የለም። መሀላችን አስተኛነው፤ አንዴ ባለቤቴን በእግሩ ሲመታ፣ አንዴ የእኔን ፀጉር ሲጎትት፣ አንዴ ተነስቶ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ነጋ። ቤቱ ቢሆን ማታ ሁለት ሰዓት ከተኛ እስኪነጋ ድምፁ አይሰማም። እኔ ክፍል ጠበበ፣ መስኮቱ ግድግዳ ያያል ብዬ የምጨቃጨቅ ሰው አይደለሁም። ለልጅ የተገባ ቃል ሲታጠፍ ግን ደሜ ይፈላል። ከሌለ የለም በሉን፣ ሌላ ቦታ እንፈልግ ነበር።

ጠዋት ከፓሪስ መሀል አርኢአር በሚባለው ባቡር፣ በኤ መስመር ሄድን። አርባ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መስመሩ መንገድ ላይ ስለሚከፈል ባቡሩ ማርን ላ ቫሌ ሼሲ የሚል መሆኑን ሳታዩ አትግቡ። ሼሲ የመጨረሻው ጣቢያ ነው፣ ከዚያ እስከ ፓርኩ በር ጥቂት እርምጃ ብቻ። የተሳፈርንበት ጣቢያ ውስጥ ሊፍቱ አይሠራም ነበር። ደረጃው ሥር ቆመን ጋሪውን እንዴት እናድርገው ስንባባል አንድ ወጣት ምንም ሳይናገር የጋሪውን የፊት እግር ያዘ፣ ባለቤቴ ከኋላ፣ ልጁ እንደተቀመጠ ላይ አደረሱት። ላመሰግነው ዞር ስል ደረጃውን እየሮጠ ወርዷል። የሌሊቱ ንዴቴ ግማሹ እዚያው ቀረ።

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ መግቢያ ነጻ ነው። ትላልቆቹ ሮለር ኮስተሮች (በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚበሩት) የቁመት ገደብ አላቸው፤ ለምሳሌ ቢግ ተንደር ማውንቴን ለመሳፈር 1 ሜትር ከ2 ሴንቲ መድረስ ያስፈልጋል። ታዲያ ለትንንሾቹ ምን ቀረ ካላችሁ፣ ብዙ። አሻንጉሊቶች እየዘፈኑ በሚጨፍሩበት በኩል የሚያልፈው ጀልባ፣ የመጫወቻ ፈረሶቹ የሚሽከረከሩበት፣ ፓርኩን የሚዞረው ባቡር፣ ሁሉም ላይ ልጅ ታቅፎ መሳፈር ይቻላል። ጀልባው ላይ ልጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትከሻውን ሲነቀንቅ ነበር። ወጥተን እንደገና ተሰለፍን። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ግድ አልሰጠኝም።

ፓርኩ ውስጥ ባለው ሮዝ ቤተ መንግሥት ሥር ዋሻ አለ፣ ውስጡ ሰው ሠራሽ ዘንዶ ታስሯል፤ ግዙፍ ነው፣ ይንቀሳቀሳል፣ ያጉረመርማል፣ ከአፍንጫው ጭስ ያወጣል። እኔ ልጄን ደረቴ ላይ አጥብቄ ገባሁ። እሱ እጁን ዘርግቶ «እ! እ!» እያለ ካልነካሁት አለ። አጠገባችን የነበሩት የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች እያለቀሱ ሲወጡ የእኔ ልጅ አልወጣም ብሎ አለቀሰ። ያን ያህል የደፈረ ልጅ ታዲያ ከሰዓት የሚኪ ማውስን ልብስ የለበሰውን ሰው ሲያይ ያሰማው ጩኸት! አንገቴ ውስጥ ገብቶ ተንቀጠቀጠ። በዚህ ዕድሜ አዲስ ፊት ያስፈራል፣ ከሰው የሚበልጥ ጭንቅላት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እባካችሁ ለፎቶ ብላችሁ አታስገድዱ። አንዲት እናት የሚንፈራገጥ ሕፃን ሚኪ እቅፍ ውስጥ ለማስቀመጥ ስትታገል አይቼ ልቤ ተሰበረ።

ቀኑን የያዘልን እንቅልፉ ነው። ፓርኩ የተከፈተው በ1992 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ዛፎቹ አድገዋል፣ ጥላ አይጠፋም። ከምሳ በኋላ ጋሪውን ጥላ ሥር አቁመን አስተኛነው። «አንተ ሂድ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» አልኩት ባለቤቴን። አንዱ ወላጅ ተሳፍሮ ሲመለስ ሌላው ከዜሮ ሳይሰለፍ የሚገባበት አሠራር አለ፣ በር ላይ ያሉትን ሠራተኞች ጠይቁ። በተራ በተራ ተሳፈርን፣ ልጄ ምንም አልሰማም። ጋሪ ወደ መጫወቻዎቹ ውስጥ ስለማይገባ ውጭ ይተዋል፣ ሁሉም ጋሪ ደግሞ ጥቁር ነው፤ እጀታው ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰሩበት። ዳይፐር መቀየሪያና ምግብ ማሞቂያ ያለው የሕፃናት ክፍልም አለ፣ ንጹሕና ጸጥ ያለ፣ ጡት ለማጥባትም ተመቸኝ።

ፓርኩ ማታ የሚተኩሰውን ርችት አላየንም። ሐምሌ ላይ ፓሪስ ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ ርችቱ ደግሞ ጨለማ ይፈልጋል። የእኔ ልጅ እስከዚያ ነቅቶ አይቆይም፣ እንዲቆይም አልፈልግም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። ባለቤቴ ትንሽ ከፋው። ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ መግቢያው ነጻ እያለ አንዴ እንመለሳለን ብዬዋለሁ፣ ሆቴሉን ግን እኔ ነኝ የምመርጠው፤ የሕፃን አልጋውንም ከመነሳታችን በፊት ደውዬ አረጋግጣለሁ።