ለእማዬ ማገዶ የሠራሁት የመቁረጫ ፈረስ

የደሴ ክረምት ቀልድ አያውቅም። ከተማችን 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርድና ግቢያችን ድረስ ይገባል። እኛ ቤት እንጀራ አሁንም በእንጨት ነው የሚጋገረው። ስለዚህ በየዓመቱ በጋ ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ እንገዛለን። ቆርጠን፣ ፈልጠን፣ ክረምት ሳይገባ እናደርቀዋለን።

መከራው መቁረጡ ላይ ነበር። ግንዱን ድንጋይ ላይ አስደግፌ፣ በግራ እግሬ ረግጬ፣ ጎንበስ ብዬ እገዘግዛለሁ። ግንዱ ይንከባለላል። ማታ ወገቤ አላስተኛ ይለኛል። ዓምና ጥር ላይ መጋዙ አዳልጦ የጫማዬን ቆዳ ሲሰነጥቀው በጣም ደነገጥኩ። በማግስቱ የመቁረጫ ፈረስ፣ ማለትም ግንዱ ተጋድሞ የሚቆረጥበት መቆሚያ፣ ልሠራ አጣና ገዛሁ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ሁለት አጣና በመስቀል ይጣመራል፤ ከላይ ባላ ይሠራል። እንዲህ ያለ ሁለት ጥንድ ቆሞ በአግዳሚ ይያያዛል። ግንዱ ባላዎቹ ላይ ይጋደማል። የኔ እግሮች አንድ አንድ ሜትር ናቸው፤ የሚጣመሩት ከጫፋቸው 35 ሳንቲም ወረድ ብሎ ነው። በጥንዶቹ መካከል 40 ሳንቲም ተውኩ። ቁመቱ ከጉልበት በላይ፣ ከወገብ በታች ሆነልኝ። ክንድ የሚፈልገው እሱን ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት በምስማር ነው። አጣናው እርጥብ ነበር፣ እኔ ደግሞ ጫፉ አካባቢ መታሁት። ተሰነጠቀ። ሁለት አጣና እንዲሁ ከሰረ። ከዚያ በድሪል በስቼ፣ በብሎንና በዳዶ አሰርኩት። ሆኖም ከባድ ግንድ ስጭንበት እግሮቹ ተበለቀጡ፣ ሙሉው ነገር ወደ ጎን ተወዛወዘ።

ጎረቤታችን የድሮ አናጢ ናቸው። በአጥር በኩል ሲያዩኝ ቆይተው ገቡ።

«አብሽር ልጄ፣ ምንም አልሆነም» አሉኝ። «ማገር ነው የጎደለው። ማገር የሌለው ቤት ቆሞ ያድራል?»

በየጥንዱ እግሮች ግርጌ አንድ አንድ ማገር መታን። ከዚያ ከአንዱ ጥንድ ታች ወደ ሌላው ጥንድ ላይ በሰያፍ አንድ ጨመርን። ጋሼ በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት። ንቅንቅ አላለም።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ የምቆርጥበት ቦታ ነው። በሁለቱ ባላዎች መካከል ስቆርጥ ግንዱ መሐሉ ላይ ይጎብጥና መጋዙን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ከባላው ውጪ ስቆርጥ ግን ጫፉ በራሱ ክብደት ዝቅ ይላል፣ ክፍተቱም ይሰፋል፤ መጋዙ ሳይያዝ ያልቃል። ግንዱ እያጠረ ሲሄድ ከግማሹ በላይ ወደ ውጪ ማውጣት አይገባም፤ ይገለበጣል።

እማዬ ልኩን ሰጠችኝ። ምድጃዋ የሚችለው 45 ሳንቲም ያህል ነው። ረዝሞ የወጣ እንጨት ውጪ ይነድና ቤቱን በጭስ ይሞላል፣ የምጣዱም ዳር ሳይግል ይቀራል። አሁን አንድ ስንጥር በልኩ ቆርጬ ለመለኪያ አስቀምጫለሁ። ቁራጩ ሁሉ እኩል ነው። ዓይኗ በጭስ ሲያለቅስ ማየት ለእኔ ከወገብ ሕመም ይብስ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈረሱ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። አጣናው ሲደርቅ ቀጥኖ ዳዶዎቹ ላልተዋል። ሁሉንም አጠበቅኳቸው። እንዳልረሳ መፍቻውን በሲባጎ እግሩ ላይ አስሬዋለሁ።