ዝምታውን ማንበብ፦ የኤር ፍራንስ 447ን የምርመራ ዘገባ ያጠናሁበት መንገድ

ለጀማሪ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኞች ትምህርት እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ የመረጥሁት፣ እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009 ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወደ ፓሪስ ሲበር አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወድቆ የተሳፈሩት 228 ሰዎች በሙሉ ያለቁበትን የኤር ፍራንስ በረራ 447 ነበር። የመርማሪው ቡድን አባል አልነበርሁም፤ የፈረንሳይ የአደጋ ምርመራ ቢሮ በጁላይ 2012 ያወጣውን የመጨረሻ ዘገባ ይዤ መርማሪዎቹ የሄዱበትን መንገድ በዳናቸው ተከተልሁ እንጂ።

ዘገባውን ስከፍት ምክንያቱን አስቀድሜ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ፍጥነት የሚለካበትን የፒቶ ቱቦ በሥራዬ ደጋግሜ ስለፈተሽሁት፣ የኤርባስ ኤ330ው ቱቦዎች በበረዶ ቅንጣት መደፈናቸውን ማወቄ በቂ መልስ ሆኖ ታየኝ፤ በማስታወሻዬ የመጀመሪያ ገጽ ላይም «ምክንያት፦ ፒቶ» ብዬ በቀይ ጽፌ አሰመርሁበት።

መቸኮሌን ያጋለጠብኝ ተራ የሂሳብ ደብተር ነው። አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው አውቶፓይለት ራሱን ካላቀቀበት 2:10:05 ሰዓት (በዓለም አቀፉ UTC አቆጣጠር) አንሥቶ የበረራውን መረጃና ድምፅ የሚቀዱት የጥቁር ሳጥኖች ቅጂ እስከተቋረጠበት 2:14:28 ድረስ ያለውን 4 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ፣ ለእያንዳንዱ ሰከንድ አንድ መስመር ሰጥቼ 263 መስመር አሰመርሁና በዘገባው ያገኘሁትን ሁሉ በየቦታው አሰፈርሁ። የፍጥነት ንባቡ የተዛባው ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ብቻ ነው። ታዲያ የቀሩትን ከ200 በላይ መስመሮች በፒቶ ብቻ እንዴት ላስረዳቸው?

በቀኝ በኩል የተቀመጠው ረዳት አብራሪ መቆጣጠሪያውን ወደ ራሱ በመሳቡ አውሮፕላኑ ከ35,000 ጫማ ወደ 38,000 ገደማ ወጣ፤ ፍጥነቱም እየወደቀ ክንፎቹ ተሸክመው ሊያቆዩት የማይችሉበት፣ አብራሪዎች ስቶል የሚሉት ሁኔታ ውስጥ ገባ። የስቶል ማስጠንቀቂያው ለ54 ሰከንድ ሳያቋርጥ ጮኸ፤ ከዚያም ዝም አለ። በደብተሬ ላይ ይህን መስመር ስጽፍ «ችግሩ ቀለለ» ብዬ ማሰቤን አልሸሽግም። እውነቱ የዚያ ተቃራኒ ነበር፤ የሚለካው ፍጥነት ከ60 ኖት በታች ሲወርድ ኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያው የሚመሠረትበትን፣ ክንፉ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን ንባብ እንደማይታመን ቆጥሮ ስለሚጥለው፣ ማስጠንቀቂያው የተቋረጠው ነገሩ እጅግ ሲከፋ ነው። በኋላ አፍንጫው ጥቂት ዝቅ ሲል ንባቡ ተመልሶ ጩኸቱ እንደገና ተሰማ፤ ስለዚህ ትክክለኛው እርምጃ የሚያስጠነቅቅ፣ ስህተተኛው ደግሞ ዝም የሚያሰኝ መሰለ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ የታተመ ሰንጠረዥ እያየሁ ከተሳሳትሁ፣ በጨለማ ውስጥ የነበሩትን አብራሪዎች በቀላሉ ለመኮነን አፌን አልከፍትም።

ይህ ከገባኝ በኋላ፣ ቴክኒካዊ ስላልመሰለኝ ዘልዬው ወደነበረው የፍለጋ ምዕራፍ ተመለስሁ። ፈላጊዎቹ በእጃቸው የነበረው አውሮፕላኑ በመጨረሻ ያስተላለፈው ቦታ፣ 24 የጥገና መልእክቶችና ከቀናት በኋላ የተገኙ ተንሳፋፊ ስብርባሪዎች ነበሩ። ጥቁር ሳጥኖቹ ላይ የታሰሩት ድምፅ ሰጪ መሣሪያዎች ቢያንስ ለ30 ቀናት እንዲሠሩ የተሠሩ ስለነበሩ መርከቦች ውኃውን ሲያዳምጡ ሰነበቱ፤ በተዳመጠበት አካባቢ ምንም አለመሰማቱም ስብርባሪው እዚያ የለም ወደሚል ግምት አዘነበለ። ሁለቱም መሣሪያዎች ጨርሶ ላይሠሩ ይችሉ እንደነበር ታስቦ ስብርባሪው የት ሊኖር እንደሚችል የሚገምተው የዕድል ስሌት እንደገና ሲሠራ ግን፣ ኤፕሪል 2011 ላይ ሰው አልባ የባሕር ሰርጓጅ መሣሪያዎች ስብርባሪውን 3,900 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አገኙት። ከመጨረሻው የታወቀ ቦታ የራቀው 6.5 የባሕር ማይል ብቻ ነበር። ጥቁር ሳጥኖቹ በሚቀጥለው ወር ከባሕሩ ወጡ።

አሁን የማንኛውንም መሣሪያ መዝገብ ስመረምር «ምን አለ?» ከማለቴ በፊት «በዚያ ሰዓት መናገር ይችል ነበር ወይ?» የሚል ዓምድ በደብተሬ ጎን አሰምራለሁ። «ምክንያት» የሚለውንም ቃል በነጠላ መጻፍ ትቻለሁ፤ ዘገባው ራሱ የበረዶውን፣ የሥልጠናውን፣ የማስጠንቀቂያውን አሠራርና የአብራሪዎቹን ምላሽ አያይዞ ነው የሚያስረዳው። መርማሪዎቹ የድምፅ ሰጪዎቹ ዕድሜ ወደ 90 ቀናት ከፍ እንዲል መክረዋል። ምክሩ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ውኃው ውስጥ ሲገባ ጭራሽ ያልሠራ መሣሪያ ቢኖር፣ 90 ቀንም ቢሆን ያው ዝምታ ነው።