በዝግታ የተነገረ ትእዛዝ

በሰሜን እንግሊዝ፣ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የማታ ፈረቃ ገብቻለሁ። የቀኗ ነርስ ርክክብ ጨርሳ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለችና ስለ ክፍል 12 አባት ነገረችኝ። ውኃ መጠጣታቸውን «ዩ ማይት ዎንት ቱ ቼክ» አለችኝ። ቃል በቃል ከወሰድነው «ምናልባት ማየት ትፈልጊ ይሆናል» ነው። ድምጿ ዝግ ያለ ነበር። ፈገግም ብላለች።

«ከተመቸሽ» ያለችኝ መሰለኝ።

ያን ምሽት ደግሞ ፋታ አልነበረም። ደወል በላይ በላዩ ይጮኻል። አንዲት እናት አልተኛም ብለዋል። ክፍል 12 የደረስኩት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የአዛውንቱ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስጠራቸው የሚመልሱልኝ ነገር አይያያዝም። የሚጠጡት የሚመዘገብበትን ቅጽ አነሳሁ። ከምሳ ወዲህ አንድም ነገር አልተጻፈበትም። አምቡላንስ ተጠራ። ሆስፒታል ፈሳሽ በደም ሥር ተሰጥቷቸው በአራተኛው ቀን ተመለሱ። እነዚያን ቀናት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ኃላፊዋ ሁለታችንንም ጠራችን። ነርሷ «ነግሬያት ነበር» አለች። እኔም «ከፈለግሽ ነው ያልሽኝ» አልኳት። ደነገጠች። ለእሷ የተናገረችው ግልጽ ትእዛዝ ነበር። አልዋሸችም። እኔም አልዋሸሁም።

እኛ ነገሩ ሲከብድ ድምፃችንም አብሮ ይከብዳል። «አደራ!» እንላለን። «በእናትሽ እንዳትረሺ» እንላለን። ሰውየው ከሄደ በኋላም ተመልሶ «አደራ ብያለሁ» ይላል። አደራ የተባለ ሰው ቀላል ነገር ነው ብሎ አይተወውም። እዚህ ግን ነገሩ ሲከብድ ድምፅ ይወርዳል፣ ቃሉም ይለሰልሳል። ሰውን ላለማዘዝ፣ ላለመጫን ነው። ጨዋነታቸው ነው፣ አከብረዋለሁ። ሆኖም ለማያውቅ ሰው አደገኛ ነው።

የተሳሳትኩበት ምክንያት በኋላ ነው የገባኝ። ለመንጃ ፈቃድ የንድፈ ሐሳቡን ፈተና ሳጠና የብሪታንያን የመንገድ ደንብ መጽሐፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እዚያ ነገሩ የለየለት ነው። በትልልቅ ፊደል «ማስት»፣ ማለትም «ግድ ነው»፣ የተባለው ሕግ ነው፤ ከጣስሽ ጥፋት ነው። «ሹድ»፣ ማለትም «ይገባል»፣ የተባለውን አለመፈጸም ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ፍርድ ቤት ግን ማስረጃ ሊሆንብሽ ይችላል። እኔ ታዲያ እንግሊዝኛ ሁሉ እንዲህ የሚመዘን መሰለኝ። «ማስት» ካልተባለ ግድ አይደለም አልኩ። ሰው ግን እንደ ደንብ መጽሐፍ አይናገርም።

ቋንቋው አፍ መፍቻቸው በሆነ ሰዎች መካከል እንኳ ይህ ነገር ደም አፋስሷል። በሚያዝያ 1951 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ኮሪያ ውስጥ ኢምጂን ወንዝ ላይ፣ የብሪታንያ ብርጌድ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ የቻይና ጦር ተጥለቀለቀ። ብርጋዴር ቶም ብሮዲ ለአሜሪካዊው ጄኔራል ሁኔታው «ትንሽ ስቲኪ» ሆኗል ብለው እንዳመለከቱ ይነገራል። ትንሽ ያዝ አድርጎናል እንደማለት ነው። እንግሊዛዊ ቢሰማው አለቅን ማለታቸው እንደሆነ ይገባዋል። አሜሪካዊው ግን ችግሩን የሚቻል አድርጎ ወሰደው። የብርጌዱ አካል ከነበረው ከግሎስተርሻየር ሬጅመንት ከ500 በላይ ወታደሮች ተማረኩ። ለዚያው ጦርነት የዘመተው የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ፣ ቡሳን ወደብ የደረሰው በቀጣዩ ወር ነው። ያንን ሳስብ ልቤ ይርዳል።

ከዚያ ወዲህ ቃላቱን በጆሮዬ መመዘን ጀመርኩ። «ናይስ ቱ ሃቭ» ቢቀርም የሚቀር ነገር ነው። «ሃንዲ» ቢኖር ይጠቅማል። «ኢሴንሻል» ያለ እሱ አይሆንም። እስከዚህ ድረስ አያስቸግርም። «ኢት ዉድ ቢ ኸልፕፉል ኢፍ»፣ «እንዲህ ቢሆን ይረዳ ነበር» ማለት፣ ግን ከአለቃ አፍ ሲወጣ ትእዛዝ ነው፣ ከጓደኛ ሲሆን ልመና። ከሁሉም ያደከመኝ «ኩዋይት» ነው። «ዩዝፉል» ጠቃሚ ማለት ነው፤ እንግሊዛዊት «ኩዋይት ዩዝፉል» ካለችሽ ግን ብዙውን ጊዜ «ደህና ነው» ማለቷ ነው። አሜሪካዊ ሲለው ወደ «በጣም» ያዘነብላል። እዚያው እንግሊዝ «ኩዋይት ኢሴንሻል» ሲባል ደግሞ ያው ቃል ዞሮ «ፍጹም አስፈላጊ» ይሆናል።

ስለዚህ አሁን እጠይቃለሁ። «ከደወሎቹ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እላለሁ። ነርሷም ለምዳዋለች። «አሁን፣ እባክሽ» ትለኛለች። በርክክቡ ወረቀት ላይም ሰዓት እንጽፋለን፤ ክፍል 12፣ ውኃ፣ ማታ ሦስት ሰዓት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ልጅ ከፊሊፒንስ መጣች። አንዱ ነርስ ክፍል 7ን በእጁ እያሳየ «ዌን ዩ ጌት ኤ ሞመንት» አላት። ጊዜ ስታገኚ ማለት ነው። ልጅቷ ራሷን ነቅንቃ ወደ ልብስ ማጠፉ ዞረች። ክንዷን ያዝ አደረግኩና «አሁን ነው» አልኳት። አብረን ሄድን።