ሌይኮክ፦ ቤተ ክርስቲያኑ የነበረበት ሣር

ከለንደን በባቡር ተነሥቼ ቺፕናም ስደርስ፣ የጥንት ገዳም ወዳለባት የእንግሊዝ መንደር ወደ ሌይኮክ የሚወስደው አውቶቡስ ገና መሄዱ ነበር። ስድስት ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ ባለታክሲው 30 ፓውንድ ተቀበለኝ፤ ብስጭቴ የበረደልኝ ቅስት በቅስት ከሆነው የገዳሙ መተላለፊያ ከገባሁ በኋላ ነው።

ይህን የሴቶች ገዳም በ1232 እ.ኤ.አ. የተከሉት የሶልዝበሪ ግዛት ወራሽ እመቤት ኤላ ናቸው። የንጉሥ ጆን ወንድም የነበሩት ባለቤታቸው በ1226 ሲሞቱ ሌላ ባል አላገቡም፤ ኋላም ራሳቸው እዚሁ መንኵሰው እመ ምኔት ሆኑ። በ1261 ያረፉት የእኚህ እናት የመቃብር ድንጋይ በመተላለፊያው ይታያል።

በ1535 የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ መርማሪ ጆን አፕ ራይስ ገዳሙን ሲፈትሽ ነውር አላገኘም። መነኰሳይያቱ ሥርዓታቸው በፈረንሳይኛ የተጻፈ መሆኑን፣ ቋንቋውንም ጠንቅቀው እንደሚያውቁ መስክሯል። ይህን ሳነብ እማሆይ አያቴ በግእዝ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ታወሱኝና ከቆምሁበት መንቀሳቀስ አቃተኝ።

በተከታዩ ዓመት የዓመት ገቢያቸው ከ200 ፓውንድ በታች የሆነ ገዳማት እንዲዘጉ ታወጀ። ሌይኮክም ከእነዚሁ አንዱ ነበርና በ1537 300 ፓውንድ፣ ማለትም ከዓመት ገቢው የሚበልጥ ገንዘብ፣ ከፍሎ ሳይዘጋ እንዲቆይ ፈቃድ አገኘ። መነኰሳይያቱ ገንዘቡን ከከፈሉ በኋላ ሁለት ዓመት ብቻ ቆይተው፣ በጃንዋሪ 21 ቀን 1539፣ ገዳሙን ማስረከባቸው ከሁሉ በላይ አሳዘነኝ። ዊልያም ሻሪንግተን የተባለ ባለጸጋ በ783 ፓውንድ ገዝቶ ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰ፤ እናቶች ይሞቁበትና ይሰበሰቡበት የነበረውን ክፍል ሳይነካ፣ በላዩ መኖሪያውን አደራጀ።

መቅደሱ የት እንደነበረ የጠየቅኋቸው አረጋዊት አስጎብኚ፣ የዕረፍት ሰዓታቸው ቢሆንም፣ ደጅ ድረስ ይዘውኝ ወጡ። የቤቱ የደቡብ ግድግዳ የቤተ ክርስቲያኑ የሰሜን ግድግዳ እንደነበረ በእጃቸው እየዳሰሱ አሳዩኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ሣር ነው። ጫማዬን አወለቅሁ። ሣሩ በጤዛ ርሶ ነበር። አስጎብኚዋ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ፣ በእኛ አገር በጫማ ቤተ ክርስቲያን አይገባም አልኋቸው፤ እሳቸውም ጸሎቴን እስክጨርስ ግድግዳውን ተደግፈው ጠበቁኝ።