ነዋሪ የሌለበትን ቦታ ማጥናት፦ ከዳሎል የተማርኩት

የአገራችንን ቦታዎች እየመረጥኩ ካርታቸውንና ታሪካቸውን ለራሴ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ የከበደኝም የጣመኝም ዳሎል ነው። ሌላ ቦታ ላይ መነሻ አይጠፋም፤ ገበያ አለ፣ ደብር ወይም መስጊድ አለ፣ የሚጠየቅ ሽማግሌ አለ። ዳሎል ላይ የቀረው ከጨው ድንጋይ የተሠራ ፍርስራሽና የዛገ ብረት ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩት፦ ከዚህ ቦታ የሚወጣውን ነገር ማን፣ በምን ጭኖ፣ የት ያደርሰዋል?

መልክዓ ምድሩን አስቀደምኩ። ዳሎል በአፋር ክልል ሰሜን፣ ለኤርትራ ድንበር ቅርብ በሆነው የደናኪል ረባዳ ውስጥ ነው። ዙሪያው ያለው የጨው ሜዳ ከባህር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። በጥንት ዘመን ቀይ ባህር እዚህ ድረስ ይገባ ነበር፤ መግቢያው ሲዘጋ ውሃው ተንኖ ጨዉ ቀረ። የጨዉ ውፍረት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይገመታል። ከሥር የሚወጣው ፍል ውሃ ጨዉን፣ ድኙንና ብረቱን እያሟሟ ያመጣዋል፤ በፎቶ የምናውቀው ቢጫና አረንጓዴ ከዚያ ነው። በ1926 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የእንፋሎት ፍንዳታ አዲስ ጉድጓድ ከፍቶበታል። ከኤርታሌ ጋር የሚያምታታው ብዙ ነው፤ ኤርታሌ ግን ወደ ደቡብ ርቆ ያለ፣ ላቫ የሚያፈልቅ ሌላ እሳተ ገሞራ ነው።

የጨዉ መልስ ቶሎ ተገኘ። አሞሌ ለመጫን ግመል ይበቃል፣ ገዢውም ደጋው ነው። ከሜዳው ተፈንቅሎ፣ ተጠርቦ፣ በበርሃሌ በኩል ወደ መቀሌ ይወጣል። አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብም ነበር። አሁን አስፋልት ስለገባ የጭነት መኪናው የግመሉን ሥራ እየወሰደ ነው። መጫኛው ቢለወጥም መንገዱ ያው ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ አልቆየሁም።

ያቆየኝ ፖታሹ ነው። ፖታሽ ለማዳበሪያ ይፈለጋል፣ ገዢው ባህር ማዶ ነው፣ ያለ ወደብ አይሆንም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የዓለምን ፖታሽ ከሞላ ጎደል ብቻዋን የምታቀርበው ጀርመን ነበረች። ጦርነቱ ያንን በር ሲዘጋው ዋጋው ናረ። ጣልያኖችም በኤርትራ የቀይ ባህር ዳርቻ ካለችው ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነስቶ ዳሎል ሊደርስ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው የሚያቆም ጠባብ ሐዲድ ዘረጉ። ሐዲዱ በ1918 ተጠናቀቀ፤ ጦርነቱም በዚያው ዓመት አበቃ። የጀርመን ፖታሽ ገበያው ላይ ሲመለስ የዳሎል ሥራ ተቀዛቀዘ። ከ1925 እስከ 1929 አንድ የጣልያን ኩባንያ 25,000 ቶን ያህል አውጥቶ በዚሁ ሐዲድ ጫነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ አስተዳደር ሐዲዱን ነቀለው።

በ1960ዎቹ ፓርሰንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ መጥቶ ፖታሹን በቁፋሮ አሰሰ። ዳሎል ሰው ከኖረባቸው የዓለም ቦታዎች ሁሉ ሞቃታማው ነው የሚያሰኘው መረጃም የዚያ ጊዜ ነው፦ ከ1960 እስከ 1966 የተለካው ዓመታዊ አማካይ 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ቅርብ ጊዜ ደግሞ የእስራኤሉ የማዕድን ኩባንያ አይሲኤል በ2015 እዚህ ፖታሽ ለማውጣት ያቀደውን የካናዳ ኩባንያ አላና ፖታሽን ገዝቶ ገባ፤ በ2016 መሠረተ ልማቱ አልተሟላልኝም ብሎ፣ በግብርም ተወዛግቦ ወጣ።

«ሰውን ያባረረው ሙቀቱ ነው» የሚለውን ያልተቀበልኩት እነዚህን ዓመታት ጎን ለጎን ሳያቸው ነው። ሐዲዱ ሲዘረጋም ሆነ ፓርሰንስ ሲቆፍር ሙቀቱ ያው ነበር፣ ሰውም ነበረ። የሚለዋወጠው የፖታሽ ዋጋና የወደቡ መንገድ ነው። ሙቀቱ ኑሮን ያከብዳል፤ ሰፈሩን የተከለውም የነቀለውም ግን ገበያው ነው ባይ ነኝ።

(ነዋሪ የለም የምለው ስለ ሰው ነው። ስለ ረቂቅ ሕዋሳት በ2019 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ተለያይተዋል፤ አንዱ እጅግ ደቃቅ ሕዋሳት አገኘሁ አለ፣ ሌላው አሲዱና ጨዉ በበረታባቸው ኩሬዎች ሕይወት የለም አለ። ክርክሩ ደስ ስለሚል ማንበቡን እንዳትተዉት።)

እንዲህ ያለ ቦታ ለመያዝ ለምታስቡ፣ ከዘመን ቅደም ተከተል በፊት የመንገዱን ካርታ ሥሩ። እኔ በሁለት ቀለም አሰመርኩ፦ የጨዉ መስመር ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ደጋው ይወጣል፤ የፖታሹ ወደ ሰሜን፣ ወደ ባህሩ ይወርዳል። ዓመቶቹን በየመስመሩ ላይ ስጽፍ በዝርዝር ላይ ያልታየኝ ነገር ወጣ። የጨዉ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አገር ውስጥ ነው፤ የፖታሹን ግን ድንበር ይቆርጠዋል፤ ከ1993 ወዲህ መርሳ ፋጥማ የሌላ አገር ወደብ ናት።

አሁን የያዝኩት ሦስተኛውን መስመር ነው። ጅቡቲ በ2017 ታጁራ ላይ የኢትዮጵያን ፖታሽ ታሳቢ ያደረገ ወደብ ከፍታለች። ከዳሎል እስከዚያ ያለውን የመንገድ ርቀት ለክቼ ከድሮው ሐዲድ ርዝመት ጋር ሳነጻጽር ውጤቱን እለጥፋለሁ። የመርሳ ፋጥማን መስመር የሚያሳይ የቆየ ካርታ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ሥራው ይፈጥንልኛል።