ብልጭልጯ መነፅር

አማቴ በስልክ የላኩልኝ መልእክት ሁለት ቃል ብቻ ነው። «ቅዳሜ እመጣለሁ»። እኔ ያነበብኩት ግን «ቅዳሜ አመጣለሁ» ብዬ ነው። ምን እንደሚያመጡ አልጻፉም፣ እሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ተሸክመው ነው የሚመጡት። ስለዚህ «አይልፉ እማዬ፣ ምን ያደርግልናል? ቤቱ እንደሆነ ሞልቷል፣ ማስቀመጫም የለን» ብዬ መለስኩላቸው። በጨዋነቴ ኮርቼ ስልኩን አስቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ ስልኳን ይዛ ከጓዳ ወጣች። «እናቴን ማስቀመጫ የለንም አልካት?»

እንግዲህ «እ»ን ከ«አ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት። እሷን ሳላያት ነው ትዳሬ የተናጋው። ፊደሉ አንሶ ነው ብዬ ብከራከርም የሰማኝ የለም፤ በማግስቱ መነፅር ቤት ተላክሁ። ተላክሁ ነው የምላችሁ።

መደርደሪያው ሙሉ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የንባብ መነፅር ነው። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ያለባት ስቲከር ተለጥፋለች፣ ቁጥሯ ደግሞ ያለ መነፅር አትነበብም። ይህን ያሰበው ሰው ማን ይሆን? ሻጯ «ወንድም፣ ልርዳህ?» ስትለኝ ደስ አለኝ። አንዱን አንስቼ ዓይኔ ላይ ሳደርግ ግን «አባባ፣ እሱ ይከብድዎታል» አለች። ባንዴ!

ያነሳሁት +3.50 ነበር። ለልጅ ጫማ ሰፋ አድርገን እንደምንገዛው ለከርሞም ይሆነኛል ብዬ ነው። ፊደሉ እውነትም ገዘፈ፣ ግን ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር ካልወሸቅሁት አይታይም። ልጅቷ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን የሚነበብበት ርቀት ያጥራል፤ 1 ሜትርን ለቁጥሩ ብታካፍሉት የሌንሱን የትኩረት ርቀት ታገኛላችሁ፣ የ+2 50 ሳንቲሜትር፣ የ+3 ደግሞ 33 ገደማ ማለት ነው። መጽሐፍ የምንይዘው 40 ሳንቲሜትር አካባቢ ስለሆነና ዓይናችንም የቀረችውን አቅም ስለሚያዋጣ፣ እዚያ ርቀት ላይ ሳያስጨንቅ ከሚያስነብቡት ውስጥ ዝቅተኛው ቁጥር ነው የሚመረጠው። ኮምፒውተር ራቅ ስለሚል ከዚያም ዝቅ ያለ ይፈልጋል።

«ዓይኔ እኮ ደህና ነው» አልኳት።

«ሌንሱ ነው የጠጠረው» አለች። ቅርብ ለማየት መጉበጥ ያለበት የዓይን ሌንስ 40 ዓመት አካባቢ ሲደረስ እምቢ ማለት ይጀምራል፣ ማንንም አይምርም። አንድ ወዳጄ «መነፅር ከለመድክ ዓይንህ ይሰንፋል» ብሎ አስፈራርቶኝ ነበር። ውሸት ነው። ብታደርጉም ባታደርጉም እሱ መጠጠሩን አይተውም።

በመጨረሻ +1.75 ተስማማኝ። ቀረ ፍሬም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በንባብ መነፅር ራቅ ያለ ነገር ብዥ ይላል፣ መስታወትም ጭምር። መስታወቱ ውስጥ አንድ ሽብሽብ የሌለበት መልከ መልካም ጎልማሳ ቆሟል። መነፅሩን ሳወልቀው ደግሞ ፍሬሙን ራሱን በቅርብ ማየት አልችልም። እናም ጎልማሳውን አምኜ ገዛሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ አየችኝና መቀመጫ ፈለገች። መነፅሯ ላይ በሁለቱም ጎን የሚያብረቀርቁ ጠጠሮች ተደርድረውባታል።

አማቴ ቅዳሜ መጡም፣ አመጡም። መነፅሯን ጠረጴዛ ላይ ሲያዩ ፊታቸው በርቶ «ውይ፣ ለእኔ ነው?» አሉ። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ሮጠች፣ ስትስቅ እሰማታለሁ።

ከቀልዱ ውጪ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ መነፅር ለሁለቱም ዓይን አንድ ዓይነት ቁጥር ነው ያለው። ሁለቱ ዓይኖቻችሁ የማይስማሙ ከሆነ ተመርምራችሁ በልካችሁ አሠሩ። ድንገት የመጣ ብዥታ ከሆነ ደግሞ መነፅር ቤት ሳይሆን በቀጥታ ሐኪም ጋ።

ሰኞ ቢሮ ደብቄ ይዣት ገባሁ። ስብሰባ ላይ የበጀት ሰንጠረዥ ታደለን፣ ቁጥሮቹ ደቃቅ ናቸው። ሁሉም ወረቀቱን እያራቀ እያቀረበ ዝም ብሏል፤ ከወጣቶቹ በስተቀር አንድም የሚያነብ የለም። ምን ላድርግ፣ አወጣኋት። ሳቅ ሆነ። የመጀመሪያውን ረድፍ ሳነብ ግን አጠገቤ ያለው ሰው «እስቲ አንዴ» አለኝ። ከእሱ ወደ ቀጣዩ አለፈች። እንዲህ እየተቀባበልናት ኃላፊያችን ጋ ደረሰች። እሳቸው ጠጠሮቹ ግራና ቀኝ እያብለጨለጩ፣ ኮስተር ብለው «አላስፈላጊ ወጪ መቀነስ አለብን» ሲሉ ትንፍሽ ያለ የለም።

ስብሰባው ሲያልቅ ጠጋ አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰማያዊ አላቸው?» አሉኝ።